የተሰበረው ድልድይ ፎቶግራፍ

ከራቤል የመጣ ተማሪ ስለ ድልድይ ቢጽፍ የሚደንቅ ነገር የለውም። እኛ ዘንድ፣ በግሼም ሆነ በመንዝ፣ ሐምሌና ነሐሴ ማለት ወንዝ ሞላ ማለት ነው። ገበያ የወጣ ሰው ማዶ ቀርቶ ያድራል። በቃሬዛ የመጣ በሽተኛ ወንዝ ዳር ተጋድሞ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል። አያቴ ሰው ሲዘገይባት «ወንዝ ይዞት ይሆናል» ትላለች እንጂ ሌላ ምክንያት አትፈልግም። ያገራችን ውኃ ደግሞ ወደ ወንጪት፣ ወንጪት ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ስለዚህ የዓባይ ድልድዮች ታሪክ የጎጃምና የቤጌምድር ብቻ ሳይሆን የኛም ነው ብል ድፍረት አይሆንብኝም።

ነገሩን ያስጀመረኝ የባሕር ዳር አዲሱ ድልድይ ነው። በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. ሲመረቅ ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር መሆኑን ሁላችንም ሰማን። ፎቶግራፉን ያላነሣ፣ ያላየ፣ ለዘመድ ያልላከ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። እኔም አየሁ፣ ደስም አለኝ። ከደስታው በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ገባኝ። ከዚህ በፊት የነበሩትን የዓባይ ድልድዮች ማን ፎቶግራፍ አነሣቸው? ያነሣውስ ሰው ምን አየ?

መጀመሪያ ድልድዮቹን እንወቃቸው። (ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. ያልሁበት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ፣ የአላታ ድልድይ አለ። ይህ በአፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ በ1626 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ እንደ ጻፈው፣ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ እዚያው አቅራቢያ ተገኘ፤ ሥራውንም ከፓትርያርኩ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ ባለሙያ መራው። ሁለተኛው ከዚያ በታች፣ በሞጣ በኩል፣ ጎጃምንና ቤጌምድርን የሚያገናኘው ነው። እሱን ያሠሩት የሱስንዮስ ልጅ አፄ ፋሲለደስ ሲሆኑ ዘመኑ ወደ 1660 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሁለቱንም ድልድዮች ሰው ሁሉ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይላቸዋል። በፎቶግራፍም ግርጌ እንዲያ እየተባለ ይጻፋል። ታዲያ ኢየሱሳውያኑን ካገር ያስወጧቸው እኮ ራሳቸው ፋሲለደስ ናቸው! ሁለተኛው ድልድይ የተሠራው እነሱ ከተባረሩ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የግንቡ ጥበብ ከባሕር ማዶ መምጣቱን የሚክድ የለም። ቢሆንም ድንጋዩን የፈለጠው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ ውኃውን በእንስራ የቀዳው ሰው ከፎቶግራፉ ግርጌ ስም አጥቶ ቀርቷል።

ካሜራ ወደ አገራችን የመጣው ድልድዮቹ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካገለገሉ በኋላ ነው። ጄምስ ብሩስ የአላታን ድልድይ በ1770 እ.ኤ.አ. ሲያይ የነበረው ብዕር ብቻ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የራሱን ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ መጣ። የጦሩ ካሜራ እንግዲህ ከመድፉ ጋር አብሮ ነው የገባው። በኋላ የዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ዓባይን እየተከተለ ዞሮ፣ ፎቶግራፍና ካርታ ያለበትን መጽሐፉን በ1936 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

እንግዲህ ዘመኑን አስተውሉ። መጽሐፉ በወጣበት ሰሞን አገራችን በፋሺስት ወረራ እሳት ላይ ነበረች። የሞጣው ድልድይ የተሰበረው በዚሁ ጊዜ ነው። የሰበረው ጠላት አይደለም፣ ያገሬው አርበኛ ነው። የጣልያን ጦር እንዳይሻገርበት ብሎ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው የቀረበውን ግንብ በእጁ ናደው። ሲንዱት አብረው ገደል የወረዱ እንዳሉም ይነገራል። ከዚያ ወዲህ የድልድዩ ስም ተለወጠ፤ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ።

በነዚያው ዓመታት የፋሺስቱ መንግሥት የፊልምና የፎቶግራፍ ድርጅት፣ ሉቼ የሚባለው፣ ጣልያን በኢትዮጵያ መንገድ ሲጠርግ፣ ድልድይ ሲዘረጋ የሚያሳይ ሥዕል ለዓለም ይበትን ነበር። «አሠልጣኝ መጣላችሁ» ለማለት ነው። ድልድይ ሠሪው ወራሪ ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ ድልድይ ሰባሪውን አርበኛ የያዘው ያገሬው አፍ ብቻ ሆነ። ፎቶግራፉን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ሠሪውን ወዳጅ፣ ሰባሪውን አጥፊ ሊል ነው! ታሪክ ሲገለበጥ እንዲህ ነው።

ጠላት ከወጣ በኋላ መጠገን ነበረበት። አልተጠገነም። ገበሬው ግን ገበያም ልቅሶም ማዶ አለበትና ዘዴ ፈጠረ። በተሰበረው ቅስት ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ወዲህና ወዲያ ጎበዛዝት ይቆማሉ፤ ተሻጋሪው በገመዱ ታስሮ ከገደሉ በላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። እንዲህ እየተባለ ስድሳ አምስት ዓመት ገደማ ታለፈ። መንግሥታት ሲለዋወጡ ገመዱ አልተለወጠም።

በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አካባቢ፣ ማለትም በዲሴምበር 2000 እ.ኤ.አ.፣ ናሽናል ጂኦግራፊክ የሚባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ ዓባይ ጉዞ ጽሑፍ አወጣ። ኔቫዳ ዊር የምትባል ፎቶግራፍ አንሺ ያነሣችው፣ ሰዎች በሰባራው ድልድይ ላይ በገመድ ሲጎተቱ የሚያሳይ ሥዕል አብሮ ነበረበት። ኬን ፍራንዝ የሚባል የግንባታ ሥራ ያለው አሜሪካዊ መጽሔቱን ሲያገላብጥ ይኸን ሥዕል አየ። አይቶም አልተወውም። ገንዘብ አሰባሰበ፣ ወደ አገራችን መጣ፣ ብረቱ ተጓጓዘ፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የተሰበረው ቦታ በብረት ተያያዘ። «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለውና ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች የእግረኛ ድልድይ የሚሠራው ድርጅት የተወለደው ከዚያ ፎቶግራፍ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ደራሽ ውኃ ብረቱን ወሰደው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በገመድ ብረት የተንጠለጠለ አዲስ የእግር ድልድይ ተሠራ።

ይኸን ሳነብ ሁለት ስሜት ነው የተሰማኝ። መጀመሪያ ምስጋና ነው። ሰውየው ላየው ሥዕል መልስ ሰጥቷል፤ ምስጋናን መንፈግ ነውር ነው። ሁለተኛው ኀፍረት ነው። ያን ገመድ ፎቶግራፍ አንሺዋ ከመምጣቷ በፊት ስንት ያገራችን ሰው አይቶታል! የግብር ሰብሳቢው አይቶታል፣ ባለሥልጣኑ አይቶታል፣ ከዚያ ወንዝ ማዶ ተወልዶ ዩኒቨርሲቲ የገባው ተማሪም አይቶታል። ሁላችንም እንደ ክረምት፣ እንደ በረዶ፣ ከላይ የመጣ ነገር አድርገን ቆጠርነው። ልማድ ዓይንን ይጋርዳል። እንግዳዋ ያየችው እኛ ማየት የተውነውን ነው።

ፎቶግራፍ ብቻውን ይበቃል ማለቴ አይደለም። ፎቶግራፍ የአንድ ቀን ነው፤ ወንዝ የዓመት ነው። ውኃው በነሐሴ የት ድረስ እንደሚመጣ፣ ማን መቼ እንደ ወሰደው፣ ገመዱን የሚጎትቱት የነማን ልጆች እንደሆኑ ሥዕሉ አይናገርም። ይኸን የሚናገር ያገሬው ሽማግሌ ነው። የሽማግሌውን ቃል ደግሞ ዛሬ ካልጻፍነው ነገ አናገኘውም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ክረምት ሲመጣ ወደየአገራችን ነን። ሁላችንም ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ። የባሕር ዳሩን ድልድይ አንሥተናል፣ መልካም ነው። አሁን ደግሞ ድልድይ የሌለበትን ወንዝ እናንሣ። ከሥዕሉ ግርጌ የወንዙን ስም፣ የመሻገሪያውን ስም፣ በማን ዘመን ምን እንደ ደረሰ እንጻፍ፤ የቀበሌው ሰው ይየው፣ የወረዳው ሰው ይየው። እኔ ከራቤል በታች ካለው መሻገሪያ እጀምራለሁ። አያቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንዝ የያዘውን ሰው ስም አስጽፋኛለች፤ እኔም የናንተን እጠብቃለሁ።