ልዑሉን አወድሶ ወገኑን መስደብ

እንግሊዛዊቷ ደራሲ አፍራ ቤን እ.ኤ.አ. በ1688 "ኦሩኖኮ" የተሰኘ ልብ ወለድ አሳተመች። ባለታሪኩ ዛሬ ጋና ከምትባለው አገር በተንኮል ተወስዶ ሱሪናም ውስጥ ለባርነት የተሸጠ ልዑል ነው። በዚያ ዘመን ጥቁርን ጀግና ማድረጓ የሚያስመሰግን ነው። መልኩን ስትስል ግን ጥቁረቱን ከብዙዎቹ ወገኖቹ የተለየ፣ አፍንጫውንም እንደ ሮማውያን ከፍ ያለ እንጂ እንደ አፍሪካውያን ጎራዳ ያልሆነ አድርጋ ነው። ልዑሉን ያስዋበችው ከሕዝቡ ነጥላ ነው። ሙገሳው ለእሱ፣ ስድቡ ለወገኑ!

ውድ አንባቢያን፣ በፈረንጅ ብቻ አንፍረድ። በእኛስ ልብ ወለድ ቆንጆዋ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ መልኳ ጠይም ወይም የቀይ ዳማ ስትሆን ስንቴ አንብበናል? የጋምቤላው ወጣት ይህን ሲያነብ ራሱን የት ያገኘዋል? በስደት አገር "ጥቁር" ተብሎ የሚያድገው ልጃችንስ?

እኔ መልክ አይጠቀስ አልልም። አማርኛችን ለመልክ የቃል ድሃ አይደለም። ጥቁሩን ጥቁር፣ ጎራዳውንም ጎራዳ እንበል፤ ነገር ግን የአንዱን ቁንጅና በሌላው ጉድለት አንለካ። ባለታሪካችን ከነወገኑ ይመር።

ልብ ያለው ልብ ይበል!