ያለ መምህርና ያለ ኢንተርኔት፦ የወንጪ ሕፃናት የታብሌት ሙከራ

ሕፃናት በኮምፒውተር ራሳቸውን ማስተማር ይችሉ እንደሆነ ከተፈተነባቸው ስፍራዎች አንዱ፣ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው ወንጪ ነው። «አንድ ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ ሕፃን» የተሰኘው የአሜሪካ ግብረ ሠናይ ድርጅት በ2004 ዓ.ም. በወንጪ ተራራ አፋፍ ላይ ባለች መንደርና በስምጥ ሸለቆ ወለንጪቲ አካባቢ በምትገኝ ሌላ መንደር፣ በእያንዳንዳቸው ለ20 ያህል ሕፃናት ታብሌት ሰጠ። ልጆቹ ለአንደኛ ክፍል የደረሱ ነበሩ፤ ትምህርት ቤት ግን በአቅራቢያቸው አልነበረም።

መሣሪያዎቹ ከነካርቶናቸው፣ ያለ ማብራሪያ ነበር የተሰጡት። ለአዋቂዎች የተነገራቸው በፀሐይ ኃይል እንዴት ቻርጅ እንደሚደረጉ ብቻ ነው። ፊደል ማስቆጠሪያው፣ ጨዋታውና ተረቱ ሁሉ አስቀድሞ ተጭኖ ስለነበር ኢንተርኔት አላስፈለገም። የልጆቹን አጠቃቀም የመዘገበውን ሜሞሪ ካርድ በየሳምንቱ ሰው እየመጣ ይቀይረው ነበር።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. እንደተናገሩት፣ በ4 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በ5 ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 መተግበሪያ ይጠቀም ጀመር፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር በመንደሩ ተሰማ። በ5 ወር ደግሞ ልጆቹ በስሕተት የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱ። «አንድሮይድን ሰበሩ» የሚለው አነጋገራቸው በዓለም መገናኛ ብዙኃን ቢናኝም የተጋነነ ነው፤ የሆነው የተቆለፈ ቅንብርን ማለፍ ነው። ለሕፃን እርሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ ፊደል መለየት ማንበብ አይደለም። የ40 ልጆች ሙከራ ከመሆኑም በላይ ውጤቱን ያወጀው ባለቤቱ ነበር። ከሁሉ የሚከብደው የቋንቋው ጉዳይ ነው፦ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች ሕፃናት ንባብ የሚጀምሩት በቁቤ ነው። ፊደሉ ላቲን ቢሆንም ድምፁ ይለያል። በእንግሊዝኛ «ኤክስ» የተባለው ፊደል በቁቤ «ጥ» ተብሎ ይነበባል፤ «ሲ» የተባለውም «ጭ» ነው። በታብሌት የጀመረ ልጅ ክፍል ሲገባ የሚያስተካክለው ሰው ያስፈልገዋል።

የወንጪውን ሙከራ ከመሩት አንዱ የነበሩት ማት ኬለር በኋላ በታንዛኒያ የተካሄደውን ዓለም አቀፍ ውድድር መርተዋል። በዚያ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት ለ15 ወራት በሚያውቁት ቋንቋ፣ በስዋሂሊ፣ ተማሩ። አስቀድሞ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንድም ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር፤ በፍጻሜው ቁጥሩ በግማሽ ቀነሰ። ግማሾቹ ያለማንበብ መቅረታቸውም መዘንጋት የለበትም።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት በግንደ በረት ገጠር ይህ ትርጉም አለው። ካቺሲ ከተማ ለገበያ የወጣ ወላጅ የአፋን ኦሮሞ ተረቶችን በስልኩ ጭኖ ቢመለስ፣ ቤት ውስጥ ኢንተርኔት አያሻውም። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የተባለው የደቡብ አፍሪካ የመጻሕፍት ገጽ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የልጆች ተረቶችን በነፃ ያቀርባል። ጮክ ብሎ የሚያነብ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ከጎኑ ቢቀመጥ፣ ሕፃኑ ፊደሉን ከነትክክለኛ ድምፁ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት ተቀምጠው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ከ2 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ጭራሽ አይመከርም።