የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢል ነጂዎች መታሰቢያ

በአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ፣ ሲ.ኤም.ሲ በሚባለው ሰፈር ከሰፊው ጐዳና ዳር የቆመ ሰው የእንጦጦን ተራራ በሩቅ ያያል፤ በፊቱም አውቶሞቢሎች ሲሽቀዳደሙ ይመለከታል። የሰፈሩ ስም በዚያ ቤቶችን ከሠራው ከኢጣሊያው የሕንፃ ሥራ ድርጅት የመጣ መሆኑን ሳያውቅ ስሙን ዘወትር የሚጠራ ብዙ ነው። እንደዚሁም ጐዳናውን የሞላው አውቶሞቢል ወደ አገራችን በማን እጅ እንደ ገባ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በሌላው ዓለም ግን በእሽቅድምድም ስመ ጥር የሆኑ ሰዎች የልደታቸውና የድላቸው ዓመት ይታሰባል። በ1899 ዓ.ም. አምስት አውቶሞቢሎች ከፔኪንግ ወደ ፓሪስ ሲሽቀዳደሙ፣ ሰኔ 3 ቀን ተነሥቶ ነሐሴ 4 ቀን በመግባት ያሸነፈው ኢጣሊያዊው ልዑል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ ዛሬም ስሙ ይነሣል።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1900 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌ በሲድሌይ አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ደረሰ። የባቡሩ ሐዲድ ያን ጊዜ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበርና፣ ለአውቶሞቢል የተሠራ መንገድም ስላልነበረ፣ ጉዞው የግመልና የበቅሎ መንገድ በመከተል ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በአውቶሞቢሉ ተቀምጠው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልዝ በናኬ አውቶሞቢል መጣ። ዳኛና ሽልማት ባይኖረውም፣ የሁለት አገር ፋብሪካዎች ሥራ በአንድ ንጉሥ ደጅ የተፈተነበት ነውና፣ ይህንንም እሽቅድምድም ብንለው ስሕተት አይሆንም።

የሁለቱም ጉዞ በመጽሐፍ ተጽፏል። ሆልዝ የራሱን በ1908 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ የቤንትሌን ደግሞ ክሊፎርድ ሃሌ በ1913 እ.ኤ.አ. ጻፈለት። ስማቸውን ያቆየላቸው ይኸው ነው።

የእኛው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዚያው ዘመን ወደ ጀርመን ሄደው የአውቶሞቢል መንዳትና የመካኒክነት ሙያ ተማሩ። እዚያም ሳሉ ዜማቸው በሸክላ ተቀረጸ፤ ይህም የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ ሸክላ ሆነ። መቶኛ ዓመቱም በኢትዮፒክስ ስብስብ በ27ኛው ቅጽ ታሰበ። ስለ ዜማቸው መታሰባቸው የተገባ ነው፤ ነገር ግን ባሕር አቋርጠው የተማሩት ሙያ ከዜማቸው ኋላ ቀርቷል።

አዲስ ዕቃ ከውጭ ማስመጣት ገንዘብ ላለው ሁሉ ይቻለዋል። ዕቃው የአገር ሀብት የሚሆነው ግን የአገሩ ሰው ሲያንቀሳቅሰው፣ ሲሰበርም ሲጠግነው ነው። የነጋድራስ ተሰማ ትምህርት ከሁለቱ እንግዶች ጉዞ ያላነሰ መታሰቢያ የሚገባው ስለዚህ ነው።

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባበት መቶኛ ዓመት በ2000 ዓ.ም.፣ ከሁለተኛው ሺሕ ዓመት በዓል ጋር በአንድ ላይ ዋለ። መቶ ሃያ አምስተኛው ዓመት በ2025 ዓ.ም. ሲደርስ፣ ቤንትሌንና ሆልዝን ስናነሣ፣ መሪ የጨበጠውን ኢትዮጵያዊ እጅም አብረን እንድናስብ አንባቢዎቻችንን ከወዲሁ እናሳስባለን።