የተሰረዘው ስም

«የማን ልጅ ነህ?» በሀገራችን ይህ ጥያቄ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። የተጠየቀው አባቱን ይጠራል፤ አያቱን ያስከትላል፤ ነገሬ ብሎ ያስተማረው ሰው ያለ እንደሆነም እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ቆጠራው ግን ያለው በአፍ ነው። ሰባቱን ቤት የሚያውቁት አዛውንት ያረፉ ዕለት መዝገቡም አብሯቸው ይቀበራል። ልጁ ባሕር ተሻግሮ ሌላ ሀገር የሰፈረ እንደሆነማ ነገሩ ይብሳል፤ በሦስተኛው ትውልድ ላይ «ከየት መጣን?» ብሎ የሚጠይቅ የልጅ ልጅ ይነሣል፤ የሚመልስለት ሰው ግን አይኖርም።

ይህን ጥያቄ አንሥተው መልሱን ከሞላ ጎደል ያገኙ ሰዎች አሉ። ከስዊድን ወደ አሜሪካ የፈለሱ ገበሬዎች የልጅ ልጆች ናቸው። የእነርሱን ታሪክ እዚህ ላመጣው የወደድሁት ሀገራቸው ለእኛ ስለሚቀርብ አይደለም፤ የስም አጠራራቸው የእኛን ስለሚመስል ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

የስዊድን ገበሬ እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ገደማ ድረስ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እምብዛም አያውቅም ነበር። አንደርስ የተባለ ሰው ወንድ ልጁን ዮሐን ቢለው ልጁ «ዮሐን አንደርሶን» ይባላል፤ የአንደርስ ልጅ ማለት ነው። ሴቲቱ ልጅ «አንደርስዶተር» ናት፤ የአንደርስ ሴት ልጅ። ዮሐን በተራው ሲወልድ ወንዶች ልጆቹ «ዮሐንሶን» ይባላሉ እንጂ የአያታቸው ስም አይከተላቸውም። ሴት ብታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። ከዚህም የተነሣ በአንድ ሰበካ ውስጥ ብዙ ዮሐን አንደርሶኖች ይገኙ ነበር። ሠራዊቱ በዚህ መመሳሰል ሲቸገር ለወታደሮቹ አጫጭር ስም ያወጣላቸው ጀመር፤ ፈጣን፣ ደፋር፣ ሰይፍ፣ ጩቤ የሚል ትርጉም ያለው። የእኛን ነገሥታት የፈረስ ስም፣ አባ ታጠቅን፣ አባ ዳኘውን ያስታውሳል። ልዩነቱ የስዊድኑ ስም የተራ ወታደር ስም መሆኑ ነው።

እንዲህ ባለው የስም ጫካ ውስጥ ሰው እንዴት አድርጎ ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ተጉዞ የገዛ ዘመዱን ለይቶ ያገኛል? መልሱ ያለው ከቄሱ ዘንድ ነው።

በ1686 በንጉሥ ካርል 11ኛ ዘመን የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ የሉተራን ቄስ በሰበካው የሚጠመቀውን፣ የሚያገባውን፣ የሚሞተውን፣ የሚመጣውንና የሚሄደውን ሁሉ እንዲጽፍ አዘዘ። ከዚህ ሁሉ ግን ለኋላው ሰው ውድ የሆነው «የቤት ምርመራ መዝገብ» የሚባለው ነው። ቄሱ በየዓመቱ መንደር ለመንደር እየዞረ ነዋሪውን ይሰበስባል፤ ባለ ርስቱ፣ ጭሰኛው፣ ሎሌው፣ ገረዲቱ፣ ማንም አይቀርም። ከዚያ እያንዳንዱን ያስነብበዋል፤ የሉተርን የሃይማኖት ትምህርት በቃሉ ያስወጣዋል። መዝገቡ የተደራጀው በስም ሳይሆን በቦታ ነው። ለእያንዳንዱ መንደር፣ ለእያንዳንዱ ቤት ገጽ አለው፤ በገጹ ላይ አባወራው፣ ሚስቱ፣ ልጆቻቸው፣ በመጨረሻም ሠራተኞቻቸው ከነትውልድ ቀናቸውና ከነትውልድ ስፍራቸው ተሰድረዋል። ከስማቸው ትይዩ ማን አጥርቶ እንደሚያነብ፣ ማን እንደሚንተባተብ፣ ማን መቼ እንደቈረበ፣ ማን የፈንጣጣ ክትባት እንደተከተበ ይነበባል። አንዳንዱ ቄስ እጁ አያርፍም፤ «ሰካራም»፣ «አንካሳ»፣ «ድኻ» ብሎ ይጨምራል። ሰው ከሰበካ ወደ ሰበካ ሲዛወርም ከቄሱ ወረቀት ይዞ መሄድ ነበረበት፤ ዛሬ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ስንዛወር የምንይዘው ዓይነት መሸኛ መሆኑ ነው። የሞተና የሄደ ሰው ስሙ በአግድም መስመር ይሰረዛል።

ይህ ሁሉ የተጻፈው ለትዝታ አይደለም። የተጻፈው ለቁጥጥር ነው። ቄሱ የመንግሥት ዓይን ነበር፤ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን የሕዝቡን መዝገብ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ያስረከበችው በ1991 ነው። ቢሆንም ከዚህ ቁጥጥር የተገኘውን ሲሳይ ተመልከቱ። በእኛ ሀገር በየገዳሙ በወንጌል ኅዳግ ላይ የርስትና የጉልት ነገር ሲጻፍ ኖሯል፤ ሰጪው ንጉሥ፣ ተቀባዩ መኰንን፣ ምስክሮቹም ስማቸው አለ። የእረኛውና የውሃ ቀጂዋ ስም ግን በዚያ ኅዳግ ላይ የሚገኘው ከስንት አንድ ነው። የስዊድኑ ቄስ ገረዲቱን ከነትውልድ ቀኗ ጽፏታል።

የቆዩትን የጥምቀት መዝገቦች የገለጠ ሰው ደግሞ ሌላ የሚያውቀው ነገር ያጋጥመዋል። በብዙዎቹ ውስጥ ቀኑ በቁጥር አልተጻፈም፤ በበዓል ተጠርቷል፤ ከሥላሴ በዓል በኋላ ሦስተኛው እሑድ፣ እየተባለ። «የሚካኤል ዕለት ነው የተወለድኸው» ተብሎ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ኀፍረቱም እዚያው ነው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ መሆኑ ተገልጦ ይጻፋል፤ በአባቱም ቦታ «ያልታወቀ» የሚል ቃል ይሰፍራል። በ1778 ደግሞ ንጉሥ ጉስታቭ 3ኛ አዲስ ደንብ አወጣ። ያላገቡ እናቶች ኀፍረቱን ፈርተው ጨቅላዎቻቸውን እንዳይገድሉ ስማቸውን ሳይናገሩ መውለድ እንዲችሉ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ «እናት ያልታወቀች» የሚል የጥምቀት መስመር ይገኛል። ዘሩን የሚቆጥር የልጅ ልጅ እዚህ መስመር ላይ ሲደርስ ቆጠራው ያበቃል። ሕጉ ያተረፈው ነፍስ ዘሩን እንዳይቆጥር ያደረገው ራሱ ሕጉ ነው፤ እኔ በበኩሌ በዚህ ንጉሡን ለመውቀስ አንደበት የለኝም።

ወደ ስደቱ እንመለስ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የስዊድን ሕዝብ እጅግ በዛ። ባለ ቅኔው ጳጳስ ኤሳያስ ቴግኔር ምክንያቱ ሦስት ነው ብሎ ነበር፤ ሰላም፣ ክትባትና ድንች። መሬቱ ግን አልበዛም፤ በወንድማማች መካከል እየተከፋፈለ አነሰ። በ1867 ብርዱ፣ በ1868 ድርቁ እህሉን አጠፋውና ረኀብ ገባ። በዚያው ዘመን አሜሪካ በ1862 ባወጣችው ሕግ መሬት አርሶ ለሚቀመጥ ሰው 65 ሔክታር ያህል ትሰጥ ነበር። እስከ 1930 ድረስ 1.3 ሚሊዮን ያህል ስዊድናውያን ሄዱ። ብዙዎቹ ከጎተንበርግ ወደብ ተሳፍረው በእንግሊዝ ሀል ወረዱ፤ ከዚያ በባቡር ሊቨርፑል፣ ከሊቨርፑል በመርከብ ኒውዮርክ ደረሱ። ከ1869 ጀምሮ የጎተንበርግ ፖሊስ ተሳፋሪዎቹን ይመዘግብ ስለነበር የመጀመሪያው እርምጃቸው በዚያ ይታያል።

ባሕሩን ሲሻገሩ ግን መጀመሪያ የተሰበረው ስማቸው ነው። ዮሐንሶን ጆንሰን ሆነ፤ ስቬንሶን ስዋንሰን ሆነ። ያ ለአንድ ትውልድ ብቻ የታሰበው የአባት ስም በአሜሪካ ረጋ፤ የልጅ ልጁም ጆንሰን፣ የልጅ ልጅ ልጁም ጆንሰን ሆኖ ቀረ። «አንደርስዶተር» የነበረችው ሴት ደግሞ በአንድ ቀን የባሏን ስም ለብሳ አባቷን አጣች። በአሜሪካ ቤተሰቦች ዘንድ «የኤሊስ ደሴት ጸሐፊ ስማችንን ለወጠው» የሚል ትረካ አለ፤ ትረካው ግን እውነት አይደለም። የደሴቲቱ መርማሪዎች የሚሠሩት መርከቡ ሲነሣ የተዘጋጀውን የተሳፋሪ ዝርዝር ይዘው ነበር፤ አዲስ ስም አያወጡም። ስሙን የለወጠው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ስደተኛው ነው፤ ለአሠሪው እንዲቀለው፣ ለጎረቤቱ እንዳያስቸግር። ደግሞም ኤሊስ ደሴት የተከፈተችው በ1892 ስለሆነ ብዙዎቹ ስዊድናውያን ያኔ ገብተው አልቀዋል። በሰኔ 1897 በደሴቲቱ የተነሣው እሳት የፍልሰተኞችን መዝገብ ሲበላ፣ የጉምሩክ ሰዎች የያዟቸው የመርከብ ዝርዝሮች ሌላ ቦታ ስለነበሩ ተረፉ።

ስም የሚለወጠው ለምቾት ብቻም አልነበረም። ኡላ ሞንሶን የተባለ የስኮነ ገበሬ የስዊድን ፓርላማ አባል እስከ መሆን ደርሶ ነበር። በባንክ ገንዘብ ማጉደል ተከሰሰ፤ በ1859 ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ከሌላ ሴትና ከእርሷ ከወለደው ሕፃን ጋር ወደ አሜሪካ ኰበለለ። ሚኒሶታ ሲደርስ ስሙ ኦገስት ሊንድበርግ ነበር። ሕፃኑ አድጎ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ የሕፃኑ ልጅ ደግሞ በ1927 አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን የተሻገረው ቻርልስ ሊንድበርግ ነው። ዓለም ያጨበጨበለት ስም እንግዲህ አያትየው ለመሸሸጊያ ያነሣው ስም ኖሯል።

ስለዚህ ፈላጊው በመጀመሪያ የሚማረው ስምን ማመን መተውን ነው። የሚከተለው ሁለት ነገር ነው፤ የትውልድ ቀንና የመንደር ስም። ስደተኛው ሁሉን ቢለውጥ እነዚህን ብዙ ጊዜ አይለውጥም። ስዊድናውያኑ በ1860 በአሜሪካ ያቋቋሙት ኦገስታና የተባለው የሉተራን ሲኖዶስ ቄሶች የሀገራቸውን ልማድ ይዘው መዝገቡን በስዊድንኛ ቀጠሉ። እያንዳንዱ ምእመን መቼ፣ በየትኛው ሰበካ እንደተወለደና መቼ እንደመጣ ጻፉ። የእነዚህ መዝገቦች የፊልም ቅጂ ዛሬ በኢሊኖይ ግዛት ሮክ አይላንድ በሚገኘው የስዌንሰን ማዕከል ይገኛል። በዚያ ቀኑንና ሰበካውን ያገኘ ሰው ወደ ስዊድን ይዞሮ የመንደሩን ገጽ ይገልጣል፤ በዚያችው ቀን የተወለደ፣ ስሙ ሌላ የሆነ ልጅ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በነገራችን ላይ እነዚያን የሉተራን መዝገቦች በፊልም ማንሣት የጀመሩት ሞርሞኖች ናቸው፤ በእምነታቸው ስለ ሙታን ዘመዶቻቸው መጠመቅ አለና የሙታኑን ስም ማወቅ ነበረባቸው። ፊልሞቹን በዩታ ተራራ ውስጥ ፈልፍለው በሠሩት ጎተራ አኖሩአቸው። አንዱ ለቁጥጥር የጻፈውን ሌላው ለጽድቅ አተረፈው።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደግሞ የቪልሄልም ሙበሪን ስም ሳላነሣ ባልፍ ይቅር አልባልም። የስሞላንድ ወታደር ልጅ፣ ዘመዶቹ በብዛት ወደ አሜሪካ የሄዱበት ሰው ነበር። ከ1949 እስከ 1959 ባሳተማቸው አራት ልብ ወለዶች የእነዚያን ገበሬዎች ጉዞ ጻፈ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲከፈት የዩደር ሰበካን ነዋሪዎች በየማዕረጋቸው በቁጥር ይዘረዝራል፤ የቄሱን መዝገብ ያነበበ ብዕር መሆኑ ያስታውቃል። ለሥራውም ወደ ሚኒሶታ ሄዶ አንድሪው ፒተርሰን የተባለ ስደተኛ ገበሬ ከ40 ዓመት በላይ የጻፈውን የቀን ማስታወሻ አገኘ። ማስታወሻው ደረቅ ነው፤ ዛሬ አረስን፣ ዛሬ እንጨት ፈለጥን፣ ዛሬ የፖም ዛፍ ተከልን ዓይነት። ደራሲው ከዚህ ድርቀት ውስጥ ሰው አወጣ። ስሜትን የተረከ ማስታወሻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል የሚጠቅመው አይመስለኝም።

የእኛ ሰው ዛሬ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም፣ በሮም ተመሳሳይ ወንዝ እየተሻገረ ነው። ወረቀት ሲሞላ የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ይሆንበታል፤ ልጆቹ በእርሱ ስም ይጠሩ ወይስ በአያቱ፣ ያ በዕለቱ ወረቀቱን በሞላው ሰው ላይ ይወድቃል። በአንድ ማዕድ የሚቀርቡ አባትና ልጅ የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ይገኛሉ። የትውልድ ቀኑን በሚካኤል ወይም በማርያም የሚያውቀው ሰው በመታወቂያው ላይ «ጃንዋሪ 1» ተብሎ ይሰፍራል፤ ስዊድናዊውን ያገኘው የቀን ክር እዚህ ገና ከመነሻው ተበጥሷል። በዚህ ላይ የክርስትና ስም አለ። ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ፍትሐት የምትጠራው ወልደ ሚካኤል ብላ፣ ጎረቤት የሚያውቀው ሌላ ብሎ። የክርስትና ስሙን የሚያውቁት እናቱና የክርስትና አባቱ ብቻ የሆኑ ስንት ሰዎች አሉ!

የስዊድን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሰበካ መዝገቦቹን ከ2018 ጀምሮ በነፃ ለማንም ከፍቷል። አንዱን የ1870ዎቹ ገጽ የገለጠ ሰው ደጋግሞ የሚያየው መልክ ይህ ነው። ከላይ አባትና እናት፤ ከበታቻቸው አምስት ወይም ስድስት ልጆች። የታላቁ ስም ተሰርዟል፤ ከኅዳጉ «ወደ ሰሜን አሜሪካ» የሚል ማስታወሻና ዓመቱ አለ። የተከታዩም ተሰርዟል፤ የሴቲቱም። መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ከሥሩ ያለው ስም ይነበባል። የእናቲቱ ስም ብቻ ሳይሰረዝ ወደሚቀጥለው መዝገብ ይተላለፋል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው፣ በየዓመቱ ከመቊረቢያዋ ቀን ጋር።