ሱፕራን ልግዛ ወይስ ልተዋት?

ሜሪላንድ የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ «የታሪክ አስተማሪ አይደለህ፣ በል ፍረድ» ብሎኛል። ሊገዛ ያሰባት መኪና የ1994 ቶዮታ ሱፕራ ናት፤ ባለ ቱርቦ፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ። ሻጩ የሚጠይቀው ከመቶ ሺህ ዶላር ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ጓደኛዬ እጅ ላይ ያለው ደግሞ ለቤት ቅድመ ክፍያ ብሎ ዘጠኝ ዓመት ታክሲ ነድቶ ያጠራቀመው ገንዘብ ነው፤ የጎደለውን በብድር እሞላለሁ ይላል። በድምፅ ልመልስለት ጀምሬ ስለረዘመብኝ አስፈቅጄው እዚህ ጻፍኩት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

በእኛ ዕድሜ ያላችሁ መኪናዋን ለማስታወስ አትቸገሩም። በ2001 በወጣው የመጀመሪያው «ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» ላይ ፖል ዎከር የሚነዳት ብርቱካናማዋ ናት። ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን፣ ግማሹ ንግግር ሳይገባን ያየናት። የተቃጠለች ቆርቆሮ ሆና ተጭና ትመጣለች፣ ልጆቹ ያድሷታል፣ ከዚያ ፌራሪ ትቀድማለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ቶዮታ ለእኛ ሚኒባስና ፒክ አፕ ነበር።

ታሪኩ ግን ከፊልሙ በጣም ቀድሞ ነው የሚጀምረው። በ1967 ቶዮታ ከያማሃ ጋር ሆኖ 2000ጂቲ የምትባል ስፖርት መኪና ለገበያ አወጣ። ያን ጊዜ ፈረንጁ የጃፓን መኪና ሲባል ርካሽ ዕቃ ነበር የሚታየው፤ ስለዚህ መኪናዋ ለትርፍ ሳይሆን «እኛም እንችላለን» ለማለት የተሠራች ናት ብል አልተሳሳትኩም። በዚያው ዓመት በጄምስ ቦንድ ፊልም ላይ ወጣች፤ ሾን ኮነሪ ረጅም ስለነበር ጣሪያዋን ቆርጠው ነው ያስገቡት። አሜሪካ ውስጥ ዋጋዋ ወደ 7,000 ዶላር ደረሰ፣ በጊዜው ከፖርሽ 911 ይበልጣል። ለቶዮታ ይህን የሚከፍል ሰው ከየት ይመጣል? በ1970 ሥራው ሲቆም በጠቅላላው የተሠሩት 351 ብቻ ነበሩ። በ2013 ግን አንዷ በጨረታ 1,155,000 ዶላር ተሸጠች። ይቺን ያዙልኝ፣ የሱፕራም ታሪክ ያው ነውና።

ሱፕራ የሚለው ስም በ1978 መጣ። ጓደኛዬ የሚያልማት አራተኛዋ ትውልድ ደግሞ በ1993 ወጣች። በመሐል የሆነውን ሳናውቅ ዋጋዋን ማወቅ አንችልም።

በመስከረም 1985 አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ኒውዮርክ ፕላዛ ሆቴል ተሰብስበው የዶላርን ዋጋ ለማውረድ ተስማሙ። በዚያ ሰሞን 1 ዶላር ወደ 240 የን ነበር። በ1995 ለጥቂት ጊዜ ከ80 የን በታች ወረደ። ክፍል ውስጥ በሒሳብ ነው የማስረዳው፦ ፋብሪካው ከአንድ መኪና 4 ሚሊዮን የን ማግኘት አለበት እንበል። ዶላር 240 የን ሲሆን አሜሪካዊው 16,700 ዶላር አካባቢ ይከፍላል። ዶላር 100 የን ሲሆን ያቺው መኪና፣ አንዲት ብሎን ሳይጨመርባት፣ 40,000 ዶላር ትሆናለች። ሱፕራ ባለ ቱርቦ አሜሪካ ስትገባ ዋጋዋ እዚያው 40,000 ዶላር አካባቢ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የጃፓን የገንዘብ ድግስ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የቶኪዮ መሬትና አክሲዮን ሰማይ ነካ። የአክሲዮን ገበያው በታኅሣሥ 1989 ጫፍ ላይ ደርሶ በተከታዩ ዓመት ብቻ ከሲሶ በላይ ወደቀ። መኪና ደግሞ እንደ ዳቦ ዛሬ አቡክተው ዛሬ አይጋግሩትም፤ ዓመታት ይፈጃል። የእነ ሱፕራ ዕቅድ የወጣው በድግሱ ሰዓት ነው፤ መኪኖቹ የወጡት ግን ድግሱ ተበትኖ፣ እንግዳው ሄዶ፣ ዕዳው ሲቆጠር። መሐንዲሶቹ ግን ያን ጊዜ የተፈቀደላቸውን ሁሉ ሠርተዋታል። ሦስት ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ ሁለት ቱርቦ፣ የብረት ሞኖብሎክ። ሞተሩ 2ጄዜድ ይባላል። የጃፓን ፋብሪካዎች ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ ላለማወጅ እርስ በርስ ተስማምተው ስለነበር አገር ውስጥ የተጻፈላት 280 ነው፣ አሜሪካ 320። ሞኖብሎኩ ግን ከዚያ እጥፉን ይሸከማል። እንደዚያ ዓይነት አባካኝ ብረት ዛሬ ማንም ሒሳብ ሹም አይፈቅድም።

እና ማን ገዛት? ጥቂት ሰው። አንድ በአንድ ከአሜሪካ ገበያ ወጡ፤ ማዝዳ አርኤክስ-7 በ1995፣ ኒሳን 300ዜድኤክስ በ1996፣ ሱፕራ በ1998። ጃፓን ውስጥም በ2002 ሥራዋ ቆመ። ፊልሙ የወጣው እንግዲህ ፋብሪካው ሊሰናበታት አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ጓደኛዬ ይህን ሳነግረው አላመነም፤ ያቺ የምናመልካት መኪና በአዲስነቷ ገዢ ያጣች ነበረች!

ዋጋዋን የሰቀላት ያኔ ገንዘብ ያልነበረው ልጅ ነው። በ2001 አግዳሚ ላይ የነበረው ልጅ ዛሬ ደመወዝተኛ ነው፣ የልጅነቱን ነገር ሊገዛ መጥቷል፤ መኪኖቹ ደግሞ ጥቂት፣ ከእነሱም ብዙዎቹ የተጋጩ ወይም የተበላሹ። ዎከር በ2013 በመኪና አደጋ ሲሞት ስሟ ከሐዘን ጋር ተያያዘ። በ2021 ለፊልሙ የዋለችው ሱፕራ 550,000 ዶላር ወጣባት።

«ገዝቶ አገር ቤት ያስገባት» የምትሉ በኮሜንት እንደምትመጡ አውቃለሁ። በ2024 በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም ቢሆን የአሮጌ መኪና ኤክሳይዝ ብቻውን ሕልም ያጠፋል። ለእኛ ነገሩ ተዘግቷል፣ እሱ ግን ይመርጣል።

እንግዲህ ስማኝ ወዳጄ። «ዋጋዋ ይጨምራል፣ ቁጠባ ነው» ያልከኝን አልቀበልህም። የጨመረው እኛ ስለምንወዳት ነው። የ1930ዎቹን መኪና የሚወዱ ሰዎች እያለፉ ሲሄዱ የብዙዎቹ መኪኖች ገበያ ቀዝቅዟል። ከእኛ በኋላ ያለው ልጅ ይህን ፊልም በእኛ ዓይን አያየውም፤ ተማሪዎቼን ጠይቄያለሁ፣ የሚያወሩልኝ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። 2000ጂቲ ሚሊዮን የገባችው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይታ ነው፤ ያን ያህል የጠበቀ ሰው ደግሞ በመሐሉ ቤት ኪራይ አልነበረበትም ይሆናል። ቤቱን አስቀድም። በዚያ ገንዘብ ላይ ብድር ጨምረህ ባለ ቱርቦዋን አትግዛ፤ ፍርዴ ይኸው ነው።

መንዳት ብቻ ከሆነ የፈለግከው ግን ሌላ መንገድ አለ። ያለ ቱርቦ የተሸጠችው ሱፕራ 220 የፈረስ ጉልበት አላት፤ መልኳ ያው፣ ሞተሯ የአንድ ቤተሰብ፣ ዋጋዋ በጣም ያነሰ። አውቶማቲክ ከሆነች ይበልጥ ትረክሳለች። በአሜሪካ ሕግ 25 ዓመት የሞላው መኪና በነጻነት ስለሚገባ ከጃፓን መሪዋ በቀኝ የሆነችውንም ማየት ትችላለህ። ባለ ቱርቦ የጃፓን ሱፕራ ካጋጠመችህ ግን ተጠንቀቅ፤ የዚያ አገሩ ቱርቦ ውስጡ የሚሽከረከረው ክፍል ሴራሚክ ነው፣ የአሜሪካው ብረት። ጉልበት ልጨምር ብሎ ግፊቱን ከፍ ያደረገ ሰው ሴራሚኩን ይሰባብረዋል።

የትኛዋንም ስታይ በቀን ብርሃን እያት። ከሥር ተኝተህ ላሜራውን በጣትህ አንኳኳ፤ ድምፁ የሞተ ከሆነ ስቱኮ ነው። የሞተሩ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ ደረሰኝ ጠይቅ፣ «በቅርቡ» የሚል መልስ አትቀበል። በእጅ የሚገባውን የባለ ቱርቦዋን ዋና ካምቢዮ የሠራው ጌትራግ የተባለ የጀርመን ፋብሪካ ነው፤ ዛሬ እሱ ብቻውን የአንድ ያገለገለ መኪና ዋጋ ያወጣል፤ ስለዚህ ሻጩ ሌላ ቀይሮበት እንደሆነ ከመነጋገራችሁ በፊት በመካኒክ አስመርምር።