ትራቭል ትሬይለር ወይስ ፊፍዝ ዊል? የዋጋ ልዩነቱ የሚደበቀው የት ነው?



አሜሪካ የምትኖሩ ተከታታዮቻችን በውስጥ መስመር ከምትልኩልን ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ኪራይ አንገሸገሸን፤ ተጎታች ቤት ገዝተን ብንገባስ? የትኛው ይረክሳል?» አገር ቤት ያላችሁም ቲክቶክ ላይ ቤታቸውን በፒካፕ እየጎተቱ የሚዞሩትን እያያችሁ «ግን ይሄ ነገር ስንት ነው?» ትላላችሁ። ዛሬ ሁለቱን ዋና ዋና ዓይነቶች በዋጋ እናወዳድራለን።

አጭሩ መልስ፦ ትራቭል ትሬይለር ይረክሳል። ግን ልዩነቱን ትልቅ የሚያደርገው የቤቱ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ቤቱን የሚጎትተው መኪናም ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

🔹 ሁለቱ ምንና ምን ናቸው?

ትራቭል ትሬይለር ከመኪናው ኋላ፣ ባምፐሩ አካባቢ ባለ ኳስ መሰል ጋንቾ ላይ ተያይዞ የሚጎተት ነው። ትንንሾቹን ኤስዩቪም ይጎትታቸዋል፤ ትልልቆቹ ፒካፕ ይፈልጋሉ።

ፊፍዝ ዊል ግን የሚያያዘው ፒካፑ ካሶኒ ውስጥ፣ ከኋላ አክስሉ በላይ ነው። የቤቱ የፊት ክፍል ካሶኒው ላይ ይደረባል፤ ብዙ ጊዜ መኝታ ቤቱ እዚያ ከፍ ያለው ላይ ነው። ከባድ መኪና ለምትነዱ ይሄ አዲስ አይደለም፤ ትራክተሩ ተሳቢውን የሚይዝበት ያው ዘዴ ነው። «አምስተኛ ጎማ» የሚለው ስሙም ከፈረስ ጋሪ ዘመን የመጣ ነው፤ ከፊት አክስሉ በላይ ተጋድሞ ጋሪው እንዲታጠፍ የሚረዳ ክብ ብረት ነበር።

🔹 የቤቱ ዋጋ

አዲስ ሲገዛ በግርድፉ እንዲህ ነው፦

👉 ትራቭል ትሬይለር፦ ትንንሾቹ ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ዶላር፤ ለቤተሰብ የሚሆኑት አብዛኞቹ ከ25 ሺህ እስከ 50 ሺህ ዶላር
👉 ፊፍዝ ዊል፦ አብዛኞቹ ከ40 ሺህ እስከ 100 ሺህ ዶላር፤ ቅንጡዎቹ ከዚያም ያልፋሉ

ፊፍዝ ዊል ለምን ተወደደ? ረዘም ይላል፣ ጣራው ከፍ ይላል፣ ሻሲው ይከብዳል። ሲቆም ወደ ጎን የሚወጡ ክፍሎች ይበዙበታል፤ ኤሲውም ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። ደግሞ ትንሽ ፊፍዝ ዊል እምብዛም ስለማይሠራ የመነሻ ዋጋው ራሱ ከፍ ብሎ ይጀምራል።

ያገለገለ ስትፈልጉ ሁለቱም በጣም ይረክሳሉ። ተጎታች ቤት እንደ መሬት ዋጋው አይጨምርም፤ እንደ መኪና ይወርዳል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት። ያንን ኪሳራ የመጀመሪያው ገዢ ይሸከምላችሁ።

🔹 ዋናው ነገር፦ መኪናው

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ።

ትራቭል ትሬይለር ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን መኪናው ላይ ያሳርፋል። ፊፍዝ ዊል ግን 20 በመቶ ገደማ ያሳርፋል፤ አንዳንዱ ከዚያም በላይ።

👉 7,000 ፓውንድ የሚመዝን ትራቭል ትሬይለር በ12 በመቶ፦ 840 ፓውንድ
👉 12,000 ፓውንድ የሚመዝን ፊፍዝ ዊል በ20 በመቶ፦ 2,400 ፓውንድ፣ ማለትም ከ10 ኩንታል በላይ

አሁን የፒካፓችሁን የሹፌር በር ክፈቱ። የበሩ ማቀፊያ ላይ የሰውና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከዚህ አይለፍ የሚል ስቲከር አለ። እንደ ፎርድ ኤፍ 150 ያሉ ተራ ፒካፖች ላይ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ1,400 እስከ 2,000 ፓውንድ አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ እናንተ፣ ልጆቹ፣ ዕቃውና መያዣው ብረት ራሱ ይቀነሳል። 2,400ው የት ይግባ?

ስለዚህ አብዛኛው ፊፍዝ ዊል እንደ ፎርድ ኤፍ 250 እና 350 ወይም ራም 2500 እና 3500 ያለ ከባድ ፒካፕ ይፈልጋል። አዲሱ ብዙ ጊዜ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ናፍጣ ሞተር ከመረጣችሁ ደግሞ ወደ 10 ሺህ ዶላር ተጨማሪ አለው።

ሻጩ «ይሄ መኪና 12,000 ፓውንድ ይጎትታል» ቢላችሁ ላይዋሽ ይችላል። ግን መጎተትና መሸከም ይለያያሉ። ከአቅሙ በላይ የተጫነ መኪና ፍሬኑ ይዳከማል፣ ጎማው ይፈነዳል፣ ቁልቁለት ላይ አልታዘዝ ይላል። ይሄ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከባድ ፒካፕ ቀድሞ ካላችሁ ግን ነገሩ ይቀየራል፤ የሁለቱ ልዩነት ወደ ቤቱ ዋጋ ብቻ ይጠባል።

🔹 መያዣው

👉 ለትራቭል ትሬይለር፦ ክብደት የሚያከፋፍልና መወዛወዝ የሚቀንስ መያዣ ከጥቂት መቶ ዶላር እስከ 1,200 ገደማ
👉 ለፊፍዝ ዊል፦ ካሶኒ ውስጥ የሚገጠመው ከነማስገጠሚያው ከ1,000 እስከ 3,000 ዶላር ገደማ

የተጎታቹን ፍሬን የሚቆጣጠር መሣሪያ ለሁለቱም ያስፈልጋል። አዳዲስ ፒካፖች ላይ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ይመጣል።

🔹 ከተገዛ በኋላስ?

ነዳጅ፦ ከባድ ቤት የሚጎትት መኪና በጋሎን 10 ማይል ገደማ ቢሄድ አይግረማችሁ። 3,000 ማይል ለመሄድ 300 ጋሎን ማለት ነው፤ ጋሎኑ 3.50 ዶላር ቢሆን 1,050 ዶላር። ፊፍዝ ዊል ከባድና ረጅም ስለሆነ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይጠጣል።

መብራት፦ ትራቭል ትሬይለሮች በአብዛኛው በ30 አምፕ ይሠራሉ፤ ትልልቅ ፊፍዝ ዊሎች 50 አምፕ ይፈልጋሉ። ብዙ ካምፖች ለ50 አምፕ ቦታ ጨምረው ያስከፍላሉ።

ጎማና ጣራ፦ ጎማው ባያልቅም በዕድሜ ይበላሻል። ጣራው በየጊዜው ካልታየና ስንጥቁ ካልተደፈነ ውሃ ያስገባል። ቤቱ በተለቀ ቁጥር ይሄ ሁሉ ይጨምራል።

ኢንሹራንስ፦ ለሽርሽር የሚገዛውና ሙሉ ጊዜ ለሚኖርበት የሚገዛው አንድ አይደለም። እየኖራችሁበት የሽርሽሩን ብቻ ይዛችሁ ብትገኙ፣ ችግር ሲመጣ ካሳ ልታጡ ትችላላችሁ።

🔹 ብድሩ

«በወር ይሄን ያህል ብቻ» የሚለው ቃል አያታልላችሁ። ለምሳሌ ያህል በ8 በመቶ ወለድ ለ15 ዓመት እንያዘው፦

👉 40 ሺህ ዶላር፦ በወር 382 ዶላር ገደማ፤ በመጨረሻ 69 ሺህ ገደማ
👉 75 ሺህ ዶላር፦ በወር 717 ዶላር ገደማ፤ በመጨረሻ 129 ሺህ ገደማ

የዋጋው ልዩነት 35 ሺህ ነበር፤ ከወለድ ጋር 60 ሺህ ሆነ። የመኪናው ብድር ገና አልተቆጠረም።

🔹 ታዲያ ፊፍዝ ዊል ለማን ነው?

ለሚኖርበት ሰው ጥቅም አለው። ክብደቱ አክስሉ ላይ ስለሚያርፍ መንገድ ላይ መወዛወዙ ያነሰ ነው፤ ዕቃ ማስቀመጫው ሰፊ ነው፤ ቆሞ መንቀሳቀስም ይመቻል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሽርሽር ብቻ ከሆነ ግን ትራቭል ትሬይለር ይበቃል፤ ፈታችሁት በመኪናው ከተማ ትዞራላችሁ፣ የፒካፑ ካሶኒም ለዕቃ ነፃ ይሆናል።

ኪራይ ለመሸሽ ለምታስቡ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፦ ኪራይ ሙሉ በሙሉ አይቀርም። ቤቱን የምታቆሙበት ቦታ ይከፈልበታል፤ ከ10 ዓመት በላይ ያረጀ ቤት የማይቀበሉ ካምፖችም አሉ። የወሩን ብድር፣ የቦታ ኪራይ፣ ኢንሹራንስና ጋዝ ደምራችሁ አሁን ከምትከፍሉት ጋር አወዳድሩ። የማይቀንስ ከሆነ ምን አደከማችሁ?

🔹 ከመፈረማችሁ በፊት

1. የሚገዛውን ቤት ክብደት ባዶውን ሳይሆን ሙሉ ተጭኖ የሚፈቀድለትን እዩ።
2. ያንን በ0.20 (ለትራቭል ትሬይለር በ0.15) አባዙና ከበሩ ስቲከር ጋር አስተያዩ።
3. መንጃ ፈቃዳችሁን አረጋግጡ። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ከተወሰነ ክብደት በላይ ለሆነ ተጎታች ቤት ተራውን መንጃ ፈቃድ አትቀበልም።
4. ያገለገለ ከሆነ ጣራውን፣ ማዕዘኖቹንና ወለሉን በእጃችሁ እየተጫናችሁ ፈትሹ። የሚለሰልስ ቦታ ካለ ውሃ ገብቷል፤ ተዉት።
5. ቤት፣ መኪና፣ መያዣ፣ ኢንሹራንስና ታክስ አንድ ወረቀት ላይ ደምሩ። የምታወዳድሩት ያንን ድምር ነው።

ስናጠቃልለው፦ መኪናውን ሳያዩ ቤቱን መግዛት ፈረሱን ትቶ ጋሪውን መግዛት ነው። መጀመሪያ በሩን ክፈቱ፣ ስቲከሩን አንብቡ፣ ከዚያ ወደ ሻጩ ሂዱ።

ለመግዛት እያሰበ ያለ ወዳጅ ካላችሁ ሳይፈርም ይድረሰው፤ አጋሩት።