የክፉ ቀን ዘር፦ ቅሬ እና ዘካ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ገጠር

የቦረና ወረዳ ከተማ የሆነችው መካነ ሰላም ከዴሴ በስተ ምዕራብ፣ በደጋው ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ወደ ምዕራብ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ በስተ ሰሜን በሳይንትና በመቅደላ በኩል ደግሞ ወደ በሽሎ ይቆለቁላል። በደጋው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ፣ በወይና ደጋው ጤፍ፣ ወደ ቆላው ማሽላ ይዘራል። ከፍታው ላይ ያለውን ገበሬ ውርጭና በረዶ፣ ቆላ ያለውን የዝናብ እጥረት ይጎዳዋል። በለጋምቦ ደጋ በልግ የሚዘራው ገበሬ ደግሞ የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ ከቀረበት የዓመቱ ቀለብ ቀረ ማለት ነው።

ወሎ በ1965 እና 66፣ ከዚያም በ1977 ያየውን ረሃብ ለአንባቢያችን መተረክ አያስፈልገንም። በ1997 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም እርከን ለሚሠሩ ድሃ ቤተሰቦች በዓመት ለተወሰኑ ወራት እህል ወይም ገንዘብ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ብዙ ሰው አትርፏል። ነገር ግን ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ መንደሩ በራሱ እጅ ያለውን ምን ያህል ይጠቀምበታል የሚለው ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ ሆኗል።

አንድ ቤት የሚወድቀው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ በግና ፍየል ይሸጣል። ልጅ ወደ ከተማ ወይም ወደ ዐረብ ሀገር ይሄዳል። ቀጥሎ ለዘር የተቀመጠው እህል ከጎታው ወጥቶ ይበላል። መጨረሻ ላይ በሬው ይሸጥና መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል። እኛ በመምህርነት በቆየንባቸው ዓመታት ይህን ከስም መጥሪያው እናነበው ነበር፤ አዝመራ ሳይደርስ በመስከረምና በጥቅምት ቀሪ ተማሪ ይበዛል። በግ የሸጠ ቤት በሁለት ዓመት ያገግማል። ዘሩን የበላና በሬውን የሸጠ ግን ዝናቡ ቢመለስም የሚዘራው የለውም። ያን ጊዜ በሐምሌ አንድ ኩንታል ወስዶ በታኅሣሥ አንድ ተኩል ለመመለስ ይዋዋላል። በእህል ቢሆንም ይህ አራጣ ነው፤ ሐራምነቱን የሚያውቅ ሰው ልጆቹን እያየ ይገባበታል።

ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ሲጀምር ከወለድ ነፃ አገልግሎት ለከተማው ሙስሊም ትልቅ እፎይታ ሆኗል። አንድ ኩንታል ገብስ ለሚፈልገው የገጠር ገበሬ ግን ባንክ ሩቅ ነው። ቅርቡ ያለው ቅሬው ነው።

ቅሬ በሌላው አካባቢ ዕድር የሚባለው ነው፤ በወሎ ግን ከቀብር ያለፈ ሥልጣን አለው። ሙስሊምና ክርስቲያን በተቀላቀለበት መንደር ቅሬው አንድ ነው። ዳኛ አለው፣ መዋጮ ይሰበስባል፣ ያጠፋውን ይቀጣል። ከቅሬ የተባረረ ሰው ሬሳውን የሚያነሳለት አያገኝም፤ ስለዚህ የቅሬን ዕዳ የሚክድ የለም። ለብድር ከዚህ የተሻለ ዋስትና ከየት ይመጣል? አርባ አባወራ ያለው ቅሬ በአዝመራ ጊዜ ከየቤቱ 10 ኪሎ ገብስ ቢያዋጣ 4 ኩንታል ይሆናል፤ ከ3 ሔክታር በላይ ያዘራል። ተበዳሪው የወሰደውን ያህል፣ ያንኑ ዓይነት እህል በአዝመራ ይመልሳል። ይህ ቀርድ ሐሰን ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነቀዝ ላይ ነው፦ የጎደለውን ለማካካስ በሚል ከተበዳሪው ጭማሪ ከተወሰደ ተመልሶ ወለድ ይሆናል። ጉድለቱን አባላቱ ሁሉ በመዋጮ ይሙሉት። አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነቀዙን ያለ መድኃኒት ስለሚከላከል መጀመሪያ እርሱን መግዛት ይጠቅማል።

አንዳንድ ወንድሞች «ዘካውን ለምን ጎተራው ውስጥ አናስገባውም?» ይላሉ። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ግን ዘካ ለሚገባው ሰው ተሰጥቶ ንብረቱ የሚሆን ሐቅ እንጂ የሚበደር ነገር አይደለም። የእህል ዘካ ዓመት አይጠበቅለትም፤ በሱረቱል አንዓም እንደታዘዘው በአዝመራው ጊዜ ይወጣል። በዝናብ የበቀለ ከሆነ አንድ አሥረኛ፣ በወጪና በድካም በመስኖ የለማ ከሆነ አንድ ሃያኛ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ኒሷቡ 5 ወስቅ ነው፤ በዘመኑ ሚዛን ወደ 653 ኪሎ ይገመታል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ዘንድ ግን ለእህል ኒሷብ የለውም፣ ከጥቂቱም ይወጣል። በወሎ ሁለቱም መዝሀብ ስላለ እያንዳንዱ መንደር ሸኹን ይጠይቅ። 653 ኪሎ ያገኘ ገበሬ የሚያወጣው 65 ኪሎ ግድም ነው፤ ይህ ግማሽ ሔክታር ገብስ ሊያዘራ የሚችል እህል ነው።

ችግሩ ይህ ዘካ ብዙ ጊዜ በጣሳ በጣሳ ለብዙ ሰው መበተኑ ነው። ሁሉም አንድ ምሳ ይበላበታል፣ ማንም አይዘራበትም። የመስጂዱ ጀማዓ ዘሩን የጨረሱትን ቤቶች አስቀድሞ ለይቶ አውድማው ላይ ለሁለትና ለሦስት ቤት የሚበቃ ቢሰጥ ውጤቱ ሌላ ይሆናል። ተቀባዩ ከወደደ የዘር ድርሻውን በስሙ አስመዝግቦ በቅሬው ጎተራ በአማና ያስቀምጣል፤ ቤት ካለ እንደሚበላ ራሱም ያውቃል። ክርስቲያን ጎረቤት ከቅሬው ጎተራ እንደማንኛውም አባል ይበደራል፣ ከሰደቃም ይሰጠዋል። ዘካን በተመለከተ ግን አብዛኞቹ ዑለማዎች ለሙስሊም ችግረኛ ብቻ እንደሚሰጥ ይናገራሉ።

አዝመራው ጨርሶ የጠፋበት ዓመትስ? በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ዓሙ ረማዳ በተባለው የድርቅ ዓመት፣ ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) የዘካ መሰብሰቡን አዘገዩ፤ ከሻም እህል አስመጡ። ዝናቡ ሲመለስ ሰብሳቢዎችን ልከው የሁለት ዓመቱን አስወጡ፤ ግማሹም እዚያው በተሰበሰበበት አካባቢ እንዲከፋፈል አዘዙ። የቅሬ ጎተራም ዝናብ በጠፋበት ዓመት ብድሩን ለሚቀጥለው አዝመራ ማሸጋገር አለበት፤ ይህም በመተዳደሪያው ላይ ገና ሲጀመር ይጻፍ፣ ረሃቡ ከገባ በኋላ ለመስማማት ጊዜ አይገኝም።